አኒሜ ፊት ከዓይን አይጀምርም

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «አኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ፊት መሣል ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆነኝ። ምስል አስቀምጬ እያየሁ ስቀዳ ቆንጆ ይወጣልኛል። ያየው ሰው ሁሉ ‹ጎበዝ› ይለኛል። ከራሴ ልሣል ስል ግን ሌላ ሰው የሣለው ነው የሚመስለው። ሁለቱ ዓይኖች አይገጥሙም። ፊቱን ትንሽ ዞር ላድርገው ካልኩ ደግሞ ይጣመምብኛል። ሥዕል የተማረ ጓደኛዬ ‹አኒሜውን ተወውና መጀመሪያ ሁለት ዓመት እውነተኛ ሰው ሣል› አለኝ። እውነቱን ነው? ካልሆነስ ከየት ልጀምር? በወረቀት ይሻላል በስልክ?»

ወንድሜ፣ ጓደኛህ ያለው ግማሹ ልክ ነው። ወደሱ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባዶ ወረቀት ፊትህ ስታደርግ ቀድመህ የምትሥለው ምንድን ነው? ዓይን ነው አይደል? አንዱን ዓይን ትጀምራለህ። ሽፋሽፍቱን፣ ብሌኑን፣ ነጸብራቁን አሳምረህ ትጨርሳለህ። ያምራል። ከዚያ ሁለተኛው እሱን እንዲመስል ትግል ትገጥማለህ። ስትሰርዝ፣ ስትደግም ወረቀቱ ይሳሳል። በመጨረሻ ለሁለቱ ዓይኖች የሚበቃ ፊት በዙሪያቸው ትፈልጋለህ። ቤት ሳይሠሩ መጋረጃ መስቀል ማለት ይህ ነው።

ይህን ያወቅኩት ጠንቋይ ሆኜ አይደለም። ጀማሪ ሁሉ ማለት ይቻላል እንዲህ ነው የሚጀምረው። አኒሜ ላይ ልብ የሚሰርቀው ዓይኑ ስለሆነ እጅም ወደዚያው ይሮጣል። አይፈረድብህም። ግን ዓይኖችህ የማይገጥሙት የት እንደሚያርፉ የሚነግራቸው ጭንቅላት ስለሌለ ነው። ዓይን መሣልማ ትችላለህ፤ የመጀመሪያው አምሮ የለ?

እያየህ ስትቀዳ ለምን እንደሚሳካልህም ከዚሁ ይገባሃል። ከባዱን ሥራ ሌላ ሰው ጨርሶልሃል። ጭንቅላቱ ወዴት ዞረ? ዓይኑ ከአገጩ ምን ያህል ራቀ? የራቀኛው ዓይን ምን ያህል ጠበበ? እነዚህን ሁሉ የወሰነው ሠዓሊው ነው። አንተ የቀረህ መስመሩን መከተል ብቻ ነው። ከራስህ ስትሥል ግን ውሳኔው ባንተ ላይ ይወድቃል። ለዚያ ደግሞ እስካሁን አልተለማመድክም።

አኒሜ ቀላል የሚመስለን መስመሩ ጥቂት ስለሆነ ነው። አትሸወድ። መስመሩ ያነሰበት የራሱ ታሪክ አለው። ትልልቅ ዓይኖችን በጃፓን ካስፋፉት ሠዓሊዎች ቀዳሚው ኦሳሙ ቴዙካ (1928–1989 እ.ኤ.አ.) ነው። እሱ ራሱ የዲዝኒንና የፍላይሸር ወንድማማቾችን የአሜሪካ ካርቱኖች እየወደደ ነው ያደገው። እ.ኤ.አ. በ1963 «አስትሮ ቦይ» የተባለው የቴዙካ ተከታታይ አኒሜ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን መታየት ሲጀምር ገንዘቡም ጊዜውም አይበቃም ነበር። ስለዚህ የሥዕል ቁጥር መቀነስ ነበረበት። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል፣ ያሳያል። አንዱ ሥዕል ለ3 ፍሬም እንዲቆይ ከተደረገ በሰከንድ 8 ሥዕል ይበቃል። እሱም ቢሆን ለአንድ ክፍል ሲደመር በሺህ የሚቆጠር ነው። ያን ሁሉ ደግሞ አንድ ሰው አይሥለውም፤ ብዙ እጅ ይነካዋል። እንግዲህ ፊቱ ማንም ሠራተኛ ቶሎ ሊደግመው የሚችል፣ መስመሩ የተቆጠረ መሆን አለበት።

ይህ ላንተ ምን ያደርግልሃል? ሁለት ነገር ይነግርሃል። አንደኛ፣ በእርሳስ ጥላ በተሠራ የሰው ፊት ላይ ትንሽ ስህተት ጥላው ውስጥ ሊደበቅ ይችላል። አኒሜ ላይ መደበቂያ የለም። ፊቱ በሙሉ ምናልባት አሥራ አምስት መስመር ነው። አንዱ 2 ሚሊሜትር ሲስት ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል። ሁለተኛ፣ ያ ሁሉ ሠራተኛ አንድን ገጸ ባሕሪ ሳያዛባ የሚሥለው ከፊቱ መመሪያ ሥዕል ስላለ ነው። ጃፓኖች ሴቴይ ይሉታል። አንዱ ጭንቅላት ከፊት፣ ከጎን፣ ዞር ብሎ፣ ከኋላ ተሥሎ ጎን ለጎን የተደረደረበት ገጽ ነው። የምትወደውን ገጸ ባሕሪ ሴቴይ ፈልገህ አግኝ። ከመቶ የሚያማምሩ ፖስተሮች ይልቅ ያ አንድ ገጽ ያስተምርሃል።

እሺ፣ እርሳስ አንሣ። አንድ ጭንቅላት አብረን እንሥራ። ልኬት በሴንቲሜትር የምሰጥህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳይምታታብህ ብዬ ነው። ዓይንህ ሲለምድ ማስመሪያውን ትተወዋለህ።

6 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ሣል። በእጅህ፣ በስሱ። ኮምፓስ አያስፈልግም። ሁለት ሦስቴ እየዞርክ ብትደራርበውም ችግር የለውም። ይህ የራስ ቅሉ ነው። አሁን መሃሉን የሚሰነጥቅ ቀጥ ያለ መስመር ከላይ ወደ ታች አውርድና ከክቡ ግርጌ 2 ሴንቲሜትር አሳልፈው። እዚያ ነጥብ አድርግ። አገጩ እዚያ ነው። ከአናት እስከ አገጭ 8 ሴንቲሜትር ሆነ ማለት ነው። ከአናቱ 4 ሴንቲሜትር ወርደህ፣ ግማሹ ላይ፣ አግድም መስመር አስምር።

እዚህ ጋ ቆም በል። በእውነተኛ አዋቂ ሰው ፊት ላይ ይህ የግማሽ መስመር በዓይኖቹ መሃል ነው የሚያልፈው። ብዙ ሰው ሲሰማው አያምንም። ዓይን ከግማሽ በላይ ያለ ይመስለዋል፤ ምክንያቱም ፊት ስናይ ጸጉር የሸፈነውን የራስ ቅል አንቆጥረውም። መስታወት ፊት ቁምና በእርሳስ ለካው። በአኒሜ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው የዓይን ቆብ ነው እዚህ መስመር ላይ የሚያርፈው። ዓይኑ ከዚያ ወደ ታች ይወርዳል። ግንባሩ ሰፍቶ የፊቱ ታችኛ ክፍል የሚያጥረው፣ ፊቱም የልጅ ፊት የሚመስለው በዚህ የተነሣ ነው።

ቀጥል። ከአናቱ 5.3 ሴንቲሜትር ላይ ሌላ አግድም መስመር፤ የታችኛው የዓይን ጠርዝ ነው። 6 ላይ፣ ማለትም የክቡ ግርጌ፣ አፍንጫ። ወደ 7 ጠጋ ብሎ አፍ። ቅንድብ ከ4 መስመር ትንሽ ከፍ ይላል። ጆሮ በ4 እና በ6 መካከል ነው። አሁን መንጋጋው። ከክቡ ግራና ቀኝ፣ ከላይኛው የዓይን መስመር ትይዩ ጀምር። ከዚያ በታች ክቡ ቶሎ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። አንተ አትከተለው። ፊቱ ቀስ እያለ ይጥበብ፤ አፉ አጠገብ ሲደርስ ወደ አገጩ ይሰብሰብ። እዚያ መታጠፊያ ላይ ማዕዘኑን ብታጠነክረው ጎልማሳ ወንድ ይሆናል። ብታለዝበው ልጅ ይሆናል።

የዓይን ስፋት ላይ አንድ ሕግ ያዝ፦ በሁለቱ ዓይኖች መካከል አንድ ዓይን የሚያስቀምጥ ቦታ አለ። በእውነተኛ ሰው ፊት የዓይኖቹ መስመር ላይ አምስት ዓይን ይደረደራል ይባላል፤ ሁለቱ ራሳቸው፣ አንድ መሃል፣ ግራና ቀኝ አንዳንድ። አኒሜ ዓይኖቹን ያሰፋና የዳር ቦታውን ይበላዋል፤ የመሃሉን ግን ብዙ አይነካም። በኛ ልኬት እያንዳንዱን ዓይን 1.5 ሴንቲሜትር እናድርገው። መሃላቸው 1.5 ይሆናል። ወደ ጠርዝ የሚቀረው ግማሽ ሴንቲሜትር ቢሆን ነው።

አሁን ብታስተውል አንድም የዓይን መስመር ሳትሥል ዓይኖቹ የት እንደሚሆኑ አውቀሃል።

ዓይኑን ስትሥል አንድ ነገር ብቻ ከኔ ውሰድ፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል። አንዱን ዓይን ጨርሰህ ወደ ሌላው አትሂድ። ለሁለቱም በመጀመሪያ አራት አራት ነጥብ አድርግ፦ የውስጥ ጥግ፣ የውጭ ጥግ፣ የላይኛው ቆብ ከፍ የሚልበት፣ የታችኛው ጠርዝ። ከዚያ የግራው የላይኛ ቆብ፣ የቀኙ የላይኛ ቆብ። የግራው ብሌን፣ የቀኙ ብሌን። እንዲህ እያፈራረቅክ ሂድ። አንዱ ትንሽ ቢስት ሌላው ገና ስላላለቀ ማስተካከል አያምህም። አንዱን አስውበህ ከጨረስክ በኋላ ግን ቦታው ስህተት መሆኑ ቢታይህም አትሰርዘውም። ትሳሳለታለህ። ፊቱን ሙሉ ለሱ ስትል ታጣምመዋለህ።

የዓይኑ ክፍሎች ላይ ብዙ ማለት ይቻላል፤ የሚጠቅምህን ላንሣ። የላይኛው መስመር ወፍራም ነው፤ ወደ ውጭኛው ጥግ ሲሄድ ይበልጥ ይወፍራል። ሽፋሽፍትን አንድ በአንድ አትቁጠር፤ እንደ አንድ ጥቁር ቅርጽ ያዘውና ጫፉ ላይ ሁለት ሦስት ሹል አውጣ። የታችኛው መስመር ስስ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ባይዘጋ ይመረጣል። ባለ ቀለሙ ክፍል ሙሉ ክብ ሆኖ አይታይም። ከላይ በቆቡ ተቆርጦ ሞላላ ይመስላል። ሙሉ ክቡን፣ ዙሪያውን ነጭ አስከብበህ ብታሳይ ገጸ ባሕሪው የደነገጠ ይሆናል። አንዳንዴ «ለምንድን ነው የሣልኩት ሁሉ የሚያፈጠው?» የሚሉ ልጆች አሉ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ከቆቡ ሥር ያለው የባለ ቀለሙ አናት ይጥቆር፤ የቆቡ ጥላ ነው። ነጭ ነጸብራቁን ደግሞ በሁለቱም ዓይኖች ላይ በአንድ በኩል አድርገው። ብርሃኑ የሚመጣው ከአንድ ቦታ ነዋ። አንዱን ግራ አንዱን ቀኝ ካደረግክ ገጸ ባሕሪው የት እንደሚያይ አይታወቅም።

አፍንጫና አፍ ላይ ጊዜ አታጥፋ። ከፊት ሲታይ አፍንጫ ነጥብ ወይም ትንሽ ጥላ ይበቃዋል። አፍ አንድ መስመር ነው፤ መሃሉ ላይ ትንሽ ክፍተት ብትተው ይለሰልሳል። የሁለቱንም ከንፈር ሙሉ ዙሪያ ካሠመርክ ፊቱ በአንዴ በአሥር ዓመት ያረጃል።

ጨርሰሃል? ወረቀቱን ገልብጠህ ወደ መብራት ወይም ወደ መስኮት ያዘውና ከጀርባው እየው። ጉዱ የሚታየው ያኔ ነው። ስትሥል የቆየኸውን ዓይንህ ለምዶታል፤ ሲገለበጥ ግን አዲስ ሥዕል ይሆንብሃል። አንዱ ዓይን ከፍ ብሎ፣ አገጩ ወደ አንድ ጎን ሄዶ ታገኘዋለህ። አትደንግጥ፤ ልምድ ያላቸውም ያደርጉታል። ብዙ ጊዜ ስህተቱ ሁሌ በአንድ አቅጣጫ ነው። ቀኝ እጅ አንዱን ዓይነት ቅስት ቀልጠፍ ብሎ ይሥላል፤ ተቃራኒውን ሲሥል ይንገዳገዳል። መፍትሔው ወረቀቱን ማዞር ነው። እጅህ የሚመቸውን ቅስት እንዲሥል ወረቀቱ ይዙርለት።

አሁን ወደ ዋናው ራስ ምታትህ እንምጣ። ዞር ያለ ፊት። በሙያው ሦስት አራተኛ የምንለው። አኒሜ ውስጥ ፊት ብዙውን ጊዜ የሚታየው እንዲህ ነው፤ ስለዚህ ልሽሸው ብትል አትችልም።

የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ወይም ሌላ ነጣ ያለ ኳስ ፈልግ። በእስክሪብቶ ዙሪያውን ከላይ ወደ ታች አንድ መስመር፣ ዙሪያውን አግድም ሌላ መስመር አድርግበት። የሚገናኙበት ቦታ በሁለቱ ዓይኖች መሃል ያለው የአፍንጫው መነሻ ነው በል። አሁን ኳሱን በዓይንህ ትይዩ ያዝና ቀስ ብለህ ወደ ቀኝ አዙረው። ከላይ ወደ ታች የነበረው ቀጥ ያለ መስመር ቅስት ሆነ። መሃል መሆኑም ቀረ። ከቅስቱ በስተቀኝ የቀረው ቦታ ጠበበ፤ በስተግራ ያለው ሰፋ። አግድሙ መስመር ግን ቀጥ እንዳለ ነው። ኳሱን ወደ ፊት ስታጎነብሰው አግድሙም ወደ ታች ይቀሰታል። ወደ ላይ ስታቀናው ወደ ላይ ይቀሰታል። ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም። ሦስት አራተኛ ፊት የሚጣመምብህ መሃለኛውን መስመር ስለማትቀስተው ነው። ጭንቅላቱ ዞሯል፣ መስመሩ ግን ከፊት እንደሚታይ ፊት ቀጥ ብሎ ቀርቷል።

ኳስ ብቻውን ግን ትንሽ ያሳስታል። ጭንቅላት ሙሉ ኳስ አይደለም፤ ጆሮዎቹ ባሉበት በግራና በቀኝ ጠፍጠፍ ያለ ነው። አሜሪካዊው ሠዓሊ አንድሪው ሉሚስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በመጻሕፍቱ ያስፋፋው ዘዴ ይህን ነው የሚጠቀመው። ኳስ ትሥልና ጎኑን ተቆርጦ እንደተነሣ አድርገህ ሞላላ ታደርግበታለህ። ዞር ያለ ፊት ላይ የሚታይህ የአንዱ ጎን ሞላላ ነው። ሞላላውን በመስቀል ለአራት ክፈለው፤ ጆሮው በታችኛው የኋላ ሩብ ላይ ይንጠለጠላል። ጆሮውን ከዚያ ወደ ፊት ካመጣኸው ጉንጩ ይጠባል፣ ፊቱም ጭንብል ይመስላል።

እስቲ ወደ ቀኝ ዞር ያለ ፊት እንከተል። የራቀኛው ዓይን፣ ማለትም በስተቀኝ ያለው፣ ይጠባል፤ ከቅርቡ ሁለት ሦስተኛ ያህል ስፋት ቢኖረው ጥሩ መነሻ ነው። ቁመቱ ግን ብዙም አይቀንስም። ጀማሪ ወይ ሁለቱን እኩል ያደርጋል፣ ወይ የራቀኛውን በሁሉም በኩል ያሳንሰዋል። የመጀመሪያው ፊቱን ያሰፋዋል። ሁለተኛው ዓይኑን የታመመ ያስመስለዋል። የራቀኛው ዓይን ውጭኛ ጥግ የፊቱን ጠርዝ ሊነካ ይደርሳል፤ ሽፋሽፍቱ ከጠርዙ ቢያልፍም ያምራል።

ከዚያ የራቀኛው ጉንጭ ጠርዝ። ይህች መስመር የአኒሜ ፊት ፈተና ናት ብል አላጋነንኩም። ከግንባር ትጀምራለች። ዓይኑ ጋ ስትደርስ ወደ ውስጥ ትገባለች። ከዓይኑ በታች ጉንጩ ወደ ውጭ ይገፋታል። ከዚያ ወደ አገጩ ትወርዳለች። ገብታ፣ ወጥታ፣ ወርዳ። አንድ ለስላሳ ቅስት ብቻ ካደረግካት ፊቱ የተነፋ ይሆናል። ጉንጩን አብዝተህ ካወጣኸው ደግሞ ጥርሱን ያመመው ይመስላል። ከሴቴይ ገጹ ላይ ይህችን መስመር ብቻ፣ ያለ ዓይን ያለ ጸጉር፣ የተለያዩ ገጸ ባሕሪያትን እያየህ ደጋግመህ ሣላት። አሰልቺ ነው። ግን ለውጡን በቶሎ የምታየው እዚህ ነው።

የኋላውን ጭንቅላት አትርሳ። ፊት ላይ ስናተኩር የኋላውን እንቆርጠዋለን። ከጎን ሲታይ ከግንባር እስከ ኋለኛው የራስ ቅል ጫፍ ያለው ርዝመት ከአናት እስከ አገጭ ካለው ብዙም አያንስም። ፊቱ ቆንጆ ሆኖ «የሆነ ነገር ጎድሎታል» ካልክ ከጆሮው በስተኋላ ያለውን ቦታ እይ።

ከዚህ ሌላ አኒሜ የራሱ ማጭበርበሪያዎች አሉት። ዞር ያለ ፊት አፉን ሲከፍት አንዳንዴ አፉ ወደ ቅርቡ ጉንጭ ተጠግቶ ይሣላል። ከጎን ሲታይ ደግሞ ጭራሽ ጉንጩ ላይ ይሆናል። ቅንድብ በጸጉር ውስጥ አልፎ ይታያል። በእውነተኛ ሰው ላይ የማይሆን ነገር ነው፤ ስሜቱ እንዳይጠፋ ብለው ነው። እነዚህን እንደ ስህተት አትያቸው። ግን ትክክለኛው የት እንደነበር ሳታውቅ አትቅዳቸው፤ ያኔ ማጭበርበር መሆኑ ቀርቶ ስህተት ይሆናል።

ጸጉር ከራስ ቅሉ በላይ ነው። ክቡ ላይ አይለጠፍም፤ ከክቡ ግማሽ ሴንቲሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ ይነሣል። የሚከፈልበትን ቦታ ወስን። ከዚያ ትልልቅ ክፍሎችን አውጣ፤ ግንባር ላይ የሚወርደው፣ በጎንና በጎን ያለው፣ የኋላው። ነጠላ ጸጉር መጨረሻ ላይ ሦስት አራት መስመር ነው። በቃ።

አሁን ወደ ጓደኛህ ምክር ልመለስ። እውነተኛ ሰው መሣል አለብህ? አዎ። አኒሜውን ትተህ? አይደለም። ሁለት ዓመት የምትወደውን ነገር አቁም የተባለ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቆመው ሥዕልን ራሱን ነው። ይልቅ በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱን አስቀምጣቸው። በግራ በኩል ከፎቶ ወይም ከመስታወት አንድ ጭንቅላት ሣል፤ ጥላ አያስፈልግም፣ ክቡና መስመሮቹ፣ ዓይኑ፣ አፍንጫው፣ መንጋጋው በቂ ነው። በቀኝ በኩል ያንኑ ሰው፣ ያንኑ አቅጣጫ ይዘህ ወደ አኒሜ ለውጠው። ምን ወጣ? ምን ሰፋ? ምን በአንድ መስመር ተጠቃለለ? ያቺ በአኒሜ ዓይን በላይ የምትሠመር ስስ ቅስት የቆብ እጥፋት መሆኗን የምታውቀው ያኔ ነው። እስከዚያ ግን ጌጥ ትመስልህና ያለ ቦታዋ ታስቀምጣታለህ።

መቅዳትንም አትተው። አቀዳዱን ቀይር። በመጀመሪያ የምትቀዳው ምስል ላይ ስስ ወረቀት አድርገህ ክቡን፣ ቅስቱን፣ የዓይን መስመሩን ብቻ ፈልግ። የሠዓሊውን መስመር አትከተል፤ ሥሩ ያለውን ጭንቅላት አውጣ። ከዚያ ምስሉን እያየህ በሌላ ወረቀት ሣል። ቀጥሎ ምስሉን ዝጋና ያንኑ ከትዝታህ ሣል። አስቀያሚ ይሆናል፤ ይሁን። አሁን ምስሉን ክፈትና በቀይ እርሳስ ትዝታህ ላይ አርም። ቀይ የበዛበት ቦታ የማታውቀው ቦታ ነው። ነገ የምትለማመደው እሱን ነው። አይቶ በመቅዳትና ከራስ በመሣል መካከል ያለው ድልድይ ይህ ነው፤ «ከራሴ ስሥል ሌላ ሰው ነኝ» ላልከው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። አንድ ማሳሰቢያ፦ ከላዩ ላይ ገልብጠህ የሠራኸውን «የራሴ ሥራ» ብለህ አትለጥፍ። ለልምምድ ምንም ነውር የለበትም፤ ለስም ሲሆን ግን ነውር ነው።

የራሴ ስታይል መቼ ይመጣል ብለህ አልጠየቅክም፤ ግን መጠየቅህ አይቀርም። አሁን አታስበው። ሁለት ሦስት የተለያየ አሣሣል ያላቸው ሠዓሊዎች መርጠህ አንዱን ጭንቅላት በሦስቱም አሣሣል ሞክረው። አንዱ ዓይኑን ዝቅ ያደርጋል፣ አንዱ መንጋጋውን ያረዝማል፣ አንዱ አፍንጫውን በግልጽ ያሳያል። ምርጫህ ውሎ አድሮ ራሱ ይታይሃል።

ስለ ዕቃው። ኤችቢ (HB) እርሳስ ለስሱ መስመር፣ ቱቢ (2B) ለደማቁ፣ ላጲስና ተራ ወረቀት። ውድ ደብተር አትግዛ፤ ገጹን ላለማበላሸት ስትል እጅህ ይታሰራል። እርሳሱን ላላ አድርገህ ያዝ። መጀመሪያ የሚሠመረው መስመር ያንተ እንጂ የተመልካች አይደለምና ሌላ ሰው እምብዛም የማያየው ቢሆን ጥሩ።

ስልክም ይሆናል። አይቢስ ፔይንት በስልክ፣ ክሪታ በኮምፒውተር ያለ ክፍያ ይገኛሉ፤ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ናቸው። ሌየር፣ አንዱ በሌላው ላይ የሚደረብ ግልጽ ንጣፍ፣ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ክቡን በአንዱ ሌየር፣ ንጹሑን መስመር በሌላው ታደርጋለህ። ምስሉን ግራና ቀኝ የሚገለብጥ ቁልፍም አላቸው፤ መስኮት ፍለጋ አትሄድም። ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። አንዱን ጎን ስትሥል ሌላውን ራሱ የሚሥልልህ የሲሜትሪ መሣሪያ አለ። ለጊዜው አጥፋው። ዓይኖቹን ያገጥምልሃል፤ ፊቱ ዞር ባለ ቀን ግን ምንም አይሠራልህም፣ አንተም ምንም አልተማርክም። ሁለተኛው መልሶ የሚያጠፋው ቁልፍ ነው። አንድ መስመር ሠላሳ ጊዜ እየሠመርክ ሠላሳ ጊዜ ስታጠፋ አንድ ሰዓት ይሄዳል፤ ሥዕሉ የለም። እኔ ብሆን የመጀመሪያዎቹን ወራት በወረቀት እጀምርና ስልኩን ለማቅለምና ለማረም እጠቀምበታለሁ። ስልክ ብቻ ካለህ ግን በሱ ጀምር፤ ወረቀት ለመግዛት ብለህ አትጠብቅ።

በቀን ግማሽ ሰዓት ካለህ የመጀመሪያዋን አሥር ደቂቃ ዓይን በሌላቸው ጭንቅላቶች አሳልፋት። ክብ፣ ቅስት፣ የዓይን መስመር፣ የጎን ሞላላ፣ መንጋጋ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ አጎንብሶ፣ ቀና ብሎ። ገጹ ላይ ቀኑን ጻፍ። የቀረውን ጊዜ እንደፈለግክ ሣል፤ ዓይንም ቢሆን እስክትጠግብ።

ቀጥሎ የሆነ ነገር ስትልክልኝ የጨረስከውን ቆንጆ ሥዕል አትላክ። ያን ዓይን የሌላቸው ጭንቅላቶች የሞሉበትን ገጽ ሳታጸዳው ላክልኝ። የትኛው አቅጣጫ እንዳስቸገረህ ከሱ ላይ በደንብ ይታያል፤ ቀጥሎ ምን እንደምትለማመድም ያኔ ለይተን እንነጋገራለን።